ትራፊክ የሌለበት መንገድ

ኃይለ መስቀል ብስክሌት አይወድም ነበር። አለመውደድ ብቻ ቢሆን ደግ ነው፤ ቂም ይዞበት ነበር። ሲያትል ውስጥ የከተማ አውቶቡስ በነዳባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ከጃክሰን ጎዳና እስከ ቢከን ሂል አቀበት ድረስ ጠባብ ቁምጣ ለብሰው ፊቱ የሚደነቀሩትን ብስክሌተኞች ሲራገም ኖሯል። የሚራገመው በአማርኛ ነው፤ ተሳፋሪ ሰምቶ ለአለቆቹ እንዳይከሰው። እንግዲህ ይኸው ሰው ነው ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በፈረንሳይ አገር፣ ያንኑ ጠባብ ቁምጣ ለብሶ በወይን ማሳ መካከል ብስክሌት ላይ የተገኘው። ሲያትል ተመልሶ ቼሪ መንገድ ካለው ካፌ ተቀምጦ ይህን ወሬ በጀመረ ቁጥር የረገመው ሁሉ ተጠራቅሞ በራሱ ላይ እንደ ወረደ ይናገራል፤ ከሰሚዎቹም ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው።

ከሹፌርነት ሌላ ስለ ራሱ የሚያወራው ብዙ ነገር አልነበረውም። አዲስ አበባ ሚኒባስ ነዳ፣ ሲያትል መጥቶ ታክሲ ነዳ፣ ከዚያ አውቶቡስ። በዚህ ሁሉ ዘመን የመኪና መስታወት እንኳ አላስጫረም። ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ክርስትና ቤትም ለቅሶ ቤትም። ስለዚህ የዓይን ሐኪሙ በግላኮማ ምክንያት የግራ ጎኑ እይታ እየጠበበ መሄዱን ሲነግረውና መሥሪያ ቤቱም ከአውቶቡሱ ሲያወርደው፣ ኃይለ መስቀል የወነጀለው የመመርመሪያውን ማሽን ነው። ማሽኑ መሃል መሃሉን እያየህ፣ ከዳር ብልጭ የሚል መብራት ባየህ ቁጥር ቁልፍ ተጫን ይላል። እሱ እንደሚለው ይህ የልጆች ጌም እንጂ ቁም ነገረኛ ሰው የሚመረመርበት አይደለም።

አውቶቡሱን ወሰዱበት፤ የራሱን መኪና ግን ገና ማንም አልነካበትም። በዚያች መኪና ጠዋት ጠዋት ከከተማው ወጣ ወዳለችው ቱክዊላ ይወርድና የልጁን የፀዲን ልጅ፣ የሰባት ዓመቷን ሶልያናን፣ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ፀዲ ሥራ የምትገባው ጎህ ሳይቀድ ስለሆነ ሐሳቧን የጣለችው በአባቷ ላይ ነው። ሚስቱ ገነት ግን በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥታለች። ብቻህን የፈለግክበት ሂድ፣ ሕፃኗን ይዘህ ግን አትንዳ ትለዋለች። እሱ "መስታወት እንኳ..." ብሎ ሲጀምር እሷ ክፍሉን ለቃ ትወጣለች። ቤቱ ውስጥ ጨዋታ ጠፋ። ኃይለ መስቀልም ሶልያናን አድርሶ ከተመለሰ ከሶፋው ንቅንቅ የማይል ሰው ሆነ፤ የሚነዳው የቴሌቪዥኑን ሪሞት ብቻ ነበር።

ገነት ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ከተማው ውስጥ ባለው ሐይቅ ዳር ብስክሌት መንዳት ከተማረች ብዙም አልቆየችም። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ጨው አቀብለኝ እንደማለት ቀለል አድርጋ፣ "ፈረንሳይ እንሄዳለን፣ በብስክሌት። ትራፊክ የሌለበት መንገድ ነው። ሶ፣ ቡክ አድርጌዋለሁ፤ ሪፈንድ የለውም" አለችው። ኃይለ መስቀል ለመቆጣት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሪፈንድ የለውም የምትለዋ ቃል ግን፣ ገንዘቡ አይመለስም ማለት ናትና፣ አፉን መልሳ ዘጋችው።

ገነት መኪና የማይገባበት ማለቷ ነበር። በአዲስ አበባ ሚኒባስ ያደገ ጆሮ ግን ትራፊክ ሲሉት የሚሰማው ፊሽካ ነው፤ የሚታየውም መንጃ ፈቃድ አምጣ ብሎ እጁን የዘረጋ ፖሊስ ነው። ካፌው ሄዶ ኤርፖርት ታክሲ ለሚነዳው ወዳጁ ለጳውሎስ፣ ፈረንሳዮች ሥልጣኔያቸው ጫፍ ስለ ደረሰ ትራፊክ የሚባለውን ፍጥረት ከመንገድ ጠራርገው አስወጥተዋል ብሎ አወራለት። ጳውሎስ ነገሩን አሰበበትና እዚያ አገር ዘመድ ቢኖረው ዛሬውኑ ይሄድ እንደነበር ተናገረ። ሁለቱም ለፈረንሳይ ትልቅ አክብሮት አደረባቸው።

ችግሩ የመጣው የብስክሌቱ ዓይነት ሲታወቅ ነው። ገነት ባሏ ብቻውን እንዲነዳ ስላልደፈረች የተከራየችው ታንደም የሚሉትን፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ተቀምጦ የሚነዳውን ነው። ፊት የምትቀመጠው እሷ ናት። ኃይለ መስቀል ልጅ ሳለ በሰዓት በሚከራይ ብስክሌት ሰፈሩን ያካለለ ሰው ስለሆነ ይህን እንደ ውርደት ቆጠረው። ተጨቃጨቁና ተዋዋሉ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ፊት እሱ ይቀመጣል። ያን ቀን ያለ እንከን ካደረሳት ገነት የሶልያናን ነገር ዳግመኛ ላታነሳ፤ ካጠፋ ደግሞ እሱ ልጅቷን ይዞ መንዳት ሊያቆም። ገነት ማል አለችው፤ ማለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ማንም ሳይጠይቀው የሚኮራበትን ነገር ሁሉ አንድ ብስክሌት ላይ ጫነው።

መንገዱ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ ነው። ሐዲዱን ነቅለው አስፋልት አንጥፈውበታል፤ ግራና ቀኙ የወይን ማሳ ነው። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲሄድ ሜዳ ነው፤ ወይን ጠማቂዎቹ ግን መንደራቸውን ሁሉ የሠሩት ኮረብታ ላይ ነው። ኃይለ መስቀል ከዚያ አገር ብዙውን ያየው በገነት ትከሻ አሻግሮ ነው። የኋለኛው ወንበር መሪ የሚመስል ነገር አለው፤ ቢያዞሩት አይዞርም። ፍሬን የለውም። ቁልቁለት በወረዱ ቁጥር ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ይያዝና ገነት ትጮህበታለች። በስተርጅና ከሹፌርነት ወደ ረዳትነት ዝቅ ማለቱ ስለ ገባው፣ ረዳትነቱን በወጉ ይወጣው ጀመር። ዳገቱ ወገቡን ሲይዘው "ወራጅ አለ" ይላል። ገነት እየሳቀች ታቆምለታለች፤ እሱ ወርዶ ይገፋል።

ወይን ቅምሻውም ሌላ ፈተና ነበር። ፈረንሳዮቹ ቀምሰው ባልዲ ውስጥ ይተፋሉ። ኃይለ መስቀል ግን ሰው ባቀረበለት መጠጥ ላይ፣ ያውም ባለቤቱ ፊት ቆሞ እያየው፣ መትፋትን እንዴት አድርጎ ይድፈር። የቀረበለትን ሁሉ ዋጠ። ከሰዓት በኋላ በስካር እንዳይወድቅ ከኋላ ወንበር ጋር ቢያስሩት ይሻል ነበር፤ ገነት ይህን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገረችበትም፤ የሚናገረው ራሱ ነው።

የእሱ ቀን ሲደርስ ግን ጠብታ አልቀመሰም። ማልዶ ተነሥቶ ጎማውን ፈተሸ፣ ካቴናውን ዘይት ቀባ፣ አማትቦ ፊት ተቀመጠ። ደህና አድርጎም ነዳ። ዳገቱን በትንሽ ማርሽ አዝግሞ ወጣ፣ ቁልቁለቱን በፍሬን አባብሎ ወረደ፣ ከማሳ የሚወጣ ትራክተር ሲመጣ ጥጉን ያዘ። ምሳ በሉና ቀጠሉ። ገነት ከኋላው ፔዳል ስትመታ ቆይታ አንድ ጊዜ "ጎበዝ" አለችው። ይህን ቃል ከአፏ ከሰማ ስለቆየ ወገቡ ቀጥ አለ። ለጳውሎስ እንዴት አድርጎ እንደሚያወራው እንኳ በልቡ እያሰናዳ ነበር።

አንድ መንደር መግቢያ ላይ መንገዱ ትንሽ ወደ ግራ ይታጠፋል። ኃይለ መስቀል መሪውን አዞረ። ገነት ከኋላ ስሙን ጠራች። ከዚያ ከአንድ ከባድ ነገር ጋር ተጋጩ፤ ብስክሌቱና ሁለቱም ሦስተኛ ሰው ጨምረው ወይኑ ሥር ተዘረሩ። ሦስተኛው ሰው ፖሊስ ነበር፤ መንገዱ ዳር ቆሞ መንገደኛ የሚጠብቅ፣ በር የሚያክል የፈረንሳይ ትራፊክ። ኃይለ መስቀል ዕድሜ ልኩን መስታወት ሳያስጭር ኖሮ፣ ትራፊክ የለም በተባለበት አገር ትራፊክ ገጨ።

ፖሊሱ ተነሣ፣ በመጀመሪያ ገነትን ደግፎ አነሣ፣ ከዚያ ቆቡን ፈለገ። ማንም አልተሰበረም፤ የገነት ጉልበት ብቻ ተልጧል። ኃይለ መስቀል መንጃ ፈቃዱን ለማውጣት ኪሱን ሲዳብስ፣ ቁምጣው ኪስ እንደሌለው ትዝ አለው። ፖሊሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀ። ወደ መንገዱ ገባ ብዬ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ብስክሌቱን አቅንቶ ሰጣቸውና ልብሱን እያራገፈ ወደ መንደሩ ሄደ። ኃይለ መስቀልን በሕይወቱ ትራፊክ ይቅርታ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ነው።

ገነት ጉልበቷን በውኃ እያጠበች የባሏን ፊት አየችው። የምታሾፍበት ጊዜ አለመሆኑ ገባት፤ አሳዘናት። "ሰውየው ራሱ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሏል። ኦኬ፣ አይቆጠርም" አለችው።

ረታ ማለት ነው። ዝም ቢል መኪናውም ክብሩም ሶልያናም በእጁ ናቸው። ኃይለ መስቀል ግን ዓይኑ እየራቀ በሚሄደው ፖሊስ ላይ ነበር። የለበሰው ሰደርያ ቢጫ ነው፤ ማታ እንኳ የሚያበራ ዓይነት። መንደሩ ጋ ደርሶ፣ ከቤቶቹ መካከል ገብቶ፣ አሁንም ይታያል። ኃይለ መስቀል እንደዚያ የፈራበትን ቀን አያስታውስም።

"አላየሁትም" አላት።

"ፀሐዩ ነዋ" አለች ገነት።

"ፀሐዩ ከኋላችን ነው፣ ገነት። በግራዬ ወይን ብቻ ነበር። ሰው አልነበረም፤ ሰው የሆነው ከወደቀ በኋላ ነው።" ድምፁ ዝቅ አለ። "በሶልያና ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቹ የሚሻገሩት ከግራ ነው።"

ገነት አላልኩህም ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። አላለችም። ብስክሌቱን ቀና አድርጋ ይዛ ፊት ተቀመጠች። እሱም ከኋላዋ ወጣ። ከመንደሩ በላይ ያለው ዳገት ከሁሉም የከፋ ነበር፤ እዚያ ላይ ኃይለ መስቀል አለቀሰ። ታንደም ላይ ፊት ያለ ሰው ኋላ ያለውን አያይም፤ ለዚያ ወንበር ያገኘለት የመጀመሪያ ጥቅም ይህ ነው ይላል ሲያወራው። ደብቄያታለሁ ብሎ ነበር። ብስክሌቱ ግን አንድ ነውና የአንዱ መንቀጥቀጥ ለሌላው ይደርሳል። ገነት ዞር ሳትል፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "አይዞህ፣ ቀስ እያልክ ፔዳሉን ምታ። መሪውን እኔ ይዤዋለሁ" አለችው።