በእግሯ የመጣችው

እሑድ ከጸሎት መልስ ተራራው ላይ ካለችው ጎጆ ዋፍል እየበላን ሳለ አንዲት ረጅም ልጅ ገባች። አርማው እንዳይታይ ኮፍያዋን ገልብጣዋለች።

«የስኪውን መስመር በእግሩ የበሳሳው ማነው?» አሉ ሽማግሌው ኦድቫር፣ ተከትለዋት እየገቡ። እኛ ዘንድ ስኪው፣ የበረዶ መንሸራተቻው ጣውላ፣ የሚሄድበትን መስመር በእግር ከመርገጥ የባሰ ነውር የለም።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ዳግመኛ ስኪ ላልረግጥ ምያለሁ።»

ያን ጊዜ አወቅናት። በትልቁ የክረምት ውድድር ለአገራችን ቡድን ተሰልፋ አርባ አንደኛ ስትወጣ በቴሌቪዥን አይተናት ነበር።

«ከስኪሽ ሥር ሰሙን ማን ቀባልሽ?» አሏት ኦድቫር።

«ራሴ፣ የቡድኑን ባለሙያዎች ተከራክሬ። የደረቅ በረዶ ሰም ቀባሁ፣ እርጥብ ወረደ። ጉቶ የሚያህል በረዶ ከእግሬ ሥር ተጣብቆ ጨረስኩ።»

«እኔ በዚሁ ስሕተት ለሠርጌ ሦስት ሰዓት ዘግይቻለሁ። ሙሽራዋ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።»

ልጅቷ ዋፍሉ እስኪያንቃት ሳቀች።

ባለጎጆዋ ቶርጉን ግን የእናቷን የእንጨት ስኪ ከግድግዳ አወረደች። «መሐላሽን አላውቅም። በእግርሽ ተመልሰሽ መስመራችንን አትጨርሺውም።»

ልጅቷ ስኪውን ተቀበለች። ከዚያ ኮፍያዋን አርማው እንዲታይ አቃናች፣ ውጭ ወጥታ የቆዳውን ጠፍር ጫማዋ ላይ አሰረች። በሦስተኛው እርምጃ ወደቀች፤ ተነሥታ ደግማ ወደቀች። እኛም በሩ ላይ ተደጋግፈን እንስቃለን።

«ይኼንንስ ማን ነው ሰም የቀባው?» አለች በረዶ ከአፏ እያራገፈች።

«እናቴ» አለች ቶርጉን። «እኔን ሳትወልድ።»

ሳቋ በጥዶቹ መካከል ቁልቁል ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከኋላዋ የቀሩት ሁለት ቀጫጭን የስኪ መስመሮች ብቻ ነበሩ።