የአደራ ስኳር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ፣ ሐሜቴንና ቁጣዬን ዘርዝሬ፣ ስኳሩ ጋ ስደርስ አፌ ተይዟል። እናንተ የምታነቡ አታውቁኝምና ለእናንተ ይቀለኛል። ስኳሩን የበላሁት እኔ ነኝ።

ቡሬ አጠገብ ነው፣ በጣሊያን ጊዜ። ጎረቤታችን አያ ተገኘ በሰኔ ጫካ ሊገቡ ሲሉ የቀፏቸውን ማር በሙሉ ቆርጠው ለስንቅ ያዙት። ለንቦቹ የተረፈ አልነበረም። እኔ እየሰማሁ ሚስታቸውን እቴ የሺን፣ «ንቦቹን አደራ። እነሱ ካሉ እኔም አለሁ ማለት ነው» አሏቸው። ለማጽናናት ያሉት ይመስለኛል። ልጅ ያልነበራቸው እቴ የሺ ግን እንደ ቃል ኪዳን ያዙት።

ወዲያው ባንዳ የአርበኛ ሚስት ማሰስ ሲጀምር፣ ደምበጫ ወንድማቸው ዘንድ ሊሸሹ ሆነ። ቀፎውን እኛ ቤት ጣራ ሥር ሰቀልን። ጥልፍ ቀሚሳቸውን ቡሬ ገበያ ለውጠው ያመጡትን ሁለት ጣሳ ስኳር ለንቦቹ የክረምት ቀለብ ሰጡኝ። ያኔ ስኳር የጣሊያን ነገር ነው፣ ቀምሼው አላውቅም። አሠራሩን በእጃቸው አሳዩኝ፦ ውሃውን አፍልቶ ማውረድ፣ ስኳሩን እንዳያር ከእሳት ከወረደ በኋላ ማሟሟት፣ ለብ ሲል ገበቴ ላይ ማፍሰስ፣ ንቦቹ እንዳይሰጥሙ ጭድ መበተን።

«በየሦስት ቀኑ ነው ልጄ። ለአደይ አበባ ብቻ አድርሺልኝ» አሉ።

«አይስጉ እቴ» አልኳቸው።

ነፍሰ ጡር ነበርኩ። መጀመሪያ ጣቴ ላይ የቀረውን ላስኩ። ከዚያ አንድ ቁንጥር፣ ከዚያ እፍኝ። ባሌ ለእርሻ ሲወጣ ጣሳውን ከጎታው ኋላ አውጥቼ እበላ ነበር። የንቦቹን ውሃ አቀጠንኩት፤ ደግሜም አቀጠንኩት፤ በፍልሰታ ባዶ ውሃ ሰጠኋቸው። ጭዱን ግን እንደታዘዝኩት እበትን ነበር። ባዶ ውሃ ላይ ጭድ የሚበትን ምን ዓይነት ሰው ነው? በነሐሴ መጨረሻ ጆሮዬን ወደ ቀፎው ባስጠጋ ዝም ብሏል። የሞቱትን ጠርጌ ከአመድ ጋር ደፋሁ።

አደይ ሲፈነዳ እቴ የሺ መጡ። ሳይቀመጡ ቀፎው ጋ ሄደው ቆሙ።

«ስኳሩን አጠጣሽልኝ?»

«ጠብታ ሳላስቀር» አልኩ።

«በላሁት» ብል ኖሮ ይቆጡኝ ነበር፣ ምናልባትም ይረግሙኝ ነበር፤ ባላቸው ግን በልባቸው በሕይወት ይቆዩላቸው ነበር።

«እንግዲያስ ተገኘ የለም» አሉ ቀስ ብለው፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

ለቅሶ ተቀመጡ። እኔም ሆዴን ይዤ አብሬ አለቀስኩ፤ እንባዬ የውነት ነበር፣ ይህ ነው ይበልጥ የሚያሳፍረኝ። አያ ተገኘ ሱዳን ተሻግረው ኖሮ ወሬያቸው ጠፋ። በዓመቱ እቴ የሺ ቆብ ደፉ።

ጣሊያን ሲወጣ አያ ተገኘ በእግራቸው መጡ። ደጃፋቸው ላይ የጠበቀቻቸው መነኩሲት ናት። እግራቸውን አጠቡላቸው፤ የተደፋ ቆብ ግን አይወልቅም። በአንድ ግቢ፣ በሁለት ጎጆ አረጁ። አያ ተገኘ አዲስ ቀፎ ሰቀሉ፤ ወደ ማታ ሁለቱም ሥሩ ይቀመጡ ነበር፣ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው። ያን ቦታ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

በየክረምቱ እማሆይ ስኳር ይዘው ይመጡ ነበር። «አንቺ አሟሚልኝ፣ እጅሽ ያውቃል» ይሉኛል። አንዲት ቅንጣት ሳላጎድል አሟሟለሁ። አንድ ክረምት ልነግራቸው ስል እጄን ያዙና፣ «ያኔም እንዲህ ነበር የደከምሽላቸው። እግዜር ያክብርሽ» አሉኝ። እጄን ሳላስለቅቅ በሌላው ስኳሩን ማማሰል ቀጠልኩ።

ሁለቱም ካረፉ ቆየ። ይቅር በሉኝ ብላችሁ ምን ልታደርጉልኝ? አምሮት ነው ብዬም አላመካኝም። በእኛ አገር ነፍሰ ጡር ያማራትን የሚነፍግ የለም። ብጠይቃቸው እቴ የሺ ጣሳውን ራሳቸው ከፍተው «ብዪ ልጄ» ይሉኝ ነበር፤ ለንቦቹም ሌላ ይፈልጉላቸው ነበር። አልጠየቅኳቸውም።