ከጎረቤቴ ጋር የገዛነው ቤት

ቤቱን ስንገዛ ባልና ሚስት አልነበርንም፤ እጮኛሞችም አልነበርንም። እኔ ከጎጃም ተመድቤ አሰላ የመጣሁ ነርስ ነኝ። እሱ የዚሁ አገር ሰው፣ የዲክሲስ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን ዓመታት ኖረናል። አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ክፍሎቹን ልቀቁ ያሉን ዕለት፣ በሩ ላይ ተቀምጦ ድንች እየላጠ፣ «ለየብቻ መግዛት አንችልም፤ ለምን አንድ ላይ አንገዛም?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ «እሺ» አልኩ። በማግስቱ ደላላ ይዞ መጣ።

ደላላው ያሳየን ቤት ሁለት መኝታ ክፍልና ሳሎን ነበረው፤ ጓሮው ጎመን ነው። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው አዛውንት ናቸው፤ ቤቱን ሸጠው ጎበሳ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ዞረን አይተን ስናበቃ አስቀመጡንና አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ።

«መቼ ነው የተጋባችሁት?»

«አልተጋባንም፣ አዴ» አልኳቸው። እዚህ ትልቅ ሴት አዴ ነው የሚባሉት።

«ወንድምሽ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው አልሸጥም። ልጆቼን የወለድኩት እዚህ ነው። ነገ ተጣልታችሁ መሐሉን በግንብ እንድትከፍሉት አልፈልግም።»

ልነሣ ስል እሱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። የአዴ ፊት በራ፤ ደላላው ሳቀ። የኔ ኦሮምኛ በሽተኛን የት እንደሚያመው ከመጠየቅ ብዙም አያልፍም።

«ምን አላቸው?» አልኩት ደላላውን።

«እንጋባለን ነዋ!»

አዴ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። አሜን አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ፣ «ዋሽተህ ነው?» አልኩት።

«ውሸት እንዲሆን ነው የምትፈልጊው?»

ባለባጃጁ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰ። እኔም ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ያላገባ ማስረጃችንን ሁለታችንም አቅርበን፣ ውሉን በሁለት ስም ተዋዋልን። ገባንበት። እሱ በአንዱ ክፍል፣ እኔ በሌላው። ማታ ተረኛ ስሆን ራቴን ከድኖ ያስቀምጥልኛል። ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ አይልም። ባነሣው ቤቱ የሚፈርስብን እየመሰለኝ እኔም ተውኩት።

ክረምቱ ሲወጣ እናቱ በሶ ይዘው ከዲክሲስ መጡ። እኔ ክፍል አደሩ። ጠዋት ሻሻቸውን እያሰሩ፣ «ልጄ፣ አንቺ ለልጄ ምኑ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔም እሱን ልጠይቀው እፈልጋለሁ፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል? ያውና ጓሮ ነው።»

ወጣሁ። ጎመን እየቀነጠሰ ነበር።

«ያን ቀን ለአዴ ያልከው የምርህን ነው?»

ቀና ሳይል፣ «የምሬን ነበር። ባጃጅ ውስጥ ፊትሽን ስታዞሪ ደነገጥኩ» አለ። «አሁን ምን ትያለሽ?»

«እኔ እንጃ» አልኩት። እውነቴን ነው።

«እሺ» አለና ጎመኑን አሳቀፈኝ።

ባለፈው ወር ለዓመታት ስለምነው የኖርኩት ወደ ጎጃም ዝውውር ተፈቀደልኝ። ሄጄ አልፈልግም አልኩ። አለቃዬ ምክንያቴን ሲጠይቁኝ፣ «አሰላ ቤት አለኝ» አልኳቸው። ማታ ነገርኩት። «ለቤቱ ብለሽ ነው?» አለኝ።

አይደለም ማለት ከብዶኝ፣ አዎ ማለትም ከብዶኝ፣ «ራት እንብላ» አልኩት። እየሳቀ ተነሣ። ምን እንደገባው ግን አልጠየቅሁትም።