ቀድሞ የተመረቀው ስብሰባ

ለስብሰባ የምትናገሩትን ከቤት አዘጋጅታችሁ ሄዳችሁ፣ አፋችሁን ሳትከፍቱ ተመልሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በሰፈሬ ሰው ላይ ሲደርስ አይቻለሁ።

ሰፈራችን ኮልፌ ነው፣ ከብረታ ብረት ቤቶቹ ጀርባ። ግቢዎቻችን ጠባብ ናቸው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከየቤታችን ሆነን ነው። መሀል ላይ ግን አንድ ክፍት ሜዳ ነበረን። የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ሙሽራም የሚሸኘው በዚያ ሜዳ ነበር። ይህን የማስረዳው ሜዳው ለማያውቀው ሰው ባዶ ስለሚመስል ነው። ለወረዳውም ባዶ ነው የመሰለው፤ አጥሮ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው አሰበና ነዋሪው እንዲወያይበት እሁድ ጠዋት ስብሰባ ጠራ።

ነገሩ ከሁሉም በላይ ያስጨነቃቸው ግድግዳ የምንጋራቸውን፣ እኔ እትዬ የምላቸውን ጎረቤቴን ነበር። ባለቤታቸውን ሐኪም ቤት «እቤታቸው ይረፉ» ብሎ መልሷቸው ከአልጋ አይነሱም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እትዬ አልጠፋቸውም።

«የምለምነው ዕድሜ አይደለም» አሉኝ አንድ ቀን ልብስ እያሰጡ። «እሱን እግዜር ያውቃል። ስንቱን ሲቀብር የኖረ ሰው፣ ለቀባሪው መቀመጫ ይጣ?»

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ነገር በቅደም ተከተል ሲሄድ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቶቼን ሜዳው ላይ ሰበሰብኩና ድንኳኑ የሚያርፍበትን ቦታ በድንጋይ ከበብኩት። ከዚያ በሜዳው ዳር ባለው ግንብ ጥግ መኪና ሊቆምበት የሚችለውን አሳየኋቸው። ሜዳው ለሁለቱም ይበቃል፤ ለቅሶ ሲኖር ብቻ መኪኖቹ ይነሳሉ። ቀጥሎ ተናጋሪ መደብኩ፦ መጀመሪያ እትዬ ስለ ለቅሶው፣ ቀጥሎ የሰፈራችን ባለሱቅ ስለ መኪናው፣ በመጨረሻ እኔ ስለ አቀማመጡ።

«ቲቸር፣ ፈተናም አለው እንዴ?» አለ ባለሱቁ።

«አለው። ነገ ጠዋት።»

«እንግዲያው አጠገብሽ ነው የምቀመጠው፤ መኮረጄ አይቀርም።»

ሳቅን። እትዬም ሳቁ።

በማግስቱ በሰፈሩ አዳራሽ ተሰበሰብን፤ ከወረዳ የመጣው ወጣት ባለሙያ ትሑት ሰው ነበር። ኮፍያውን አውልቆ የእድራችንን ዳኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ አባባ የሚላቸውን ሽማግሌ፣ «አባታችን፣ ይመርቁንና እንጀምር» አላቸው።

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ እድር ምርቃት መክፈቻ አይደለም። ሰው ሲጨቃጨቅ፣ ሲካሰስ ቆይቶ፣ ነገሩ ሲያልቅ ነው አባባ የሚነሱት። እሳቸው ከመረቁ በኋላ ያንን ነገር መልሶ የሚያነሳ ሽማግሌ እንደናቀ ይቆጠራል። ባለሙያው ይህን አያውቅም፤ አባባ ደግሞ ይመርቁ ሲባሉ እምቢ ማለት አያውቁም። ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ። የጀመራችሁትን ለፍሬ ያብቃላችሁ።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ። እኔም አልኩ፤ አፌ ለምዶ።

ከዚያ ባለሙያው ዕቅዱን በሥዕል አሳየ። በሥዕሉ ላይ መኪናና ዛፍ አለ፤ ሰው የለም። «ሀሳብ ያለው?» ሲል አዳራሹ ጸጥ አለ። እትዬን በክርኔ ነካኋቸው።

«እትዬ፣ ይነሱ እንጂ!»

«አባባ ከመረቁ በኋላ? ምን ነካሽ ልጄ?»

ወደ ባለሱቁ ዞርኩ፤ ጫማውን ያያል። ራሴ ተነስቼ ስለ ድንኳኑ መናገር ስጀምር ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ቀሚሴን ሳቡኝ። «ቁጭ በይ፣ ሽማግሌ አታዋርጂ።» የጀመርኩትን እንደምንም ጨርሼ ተቀመጥኩ። ባለሙያው አመሰገነኝና ሀሳቤን የሚደግፍ እንዳለ ጠየቀ። ማንም እጁን አላወጣም። «እንግዲህ ነዋሪው ተስማምቷል» አለ። እሱ ከቆመበት ሲታይ አልዋሸም።

በሩ ላይ ግን ሁሉም ተናጋሪ ሆነ።

«ሜዳችንን ለማን ብለን ነው የምንሰጠው!» ይላል ባለሱቁ፣ ድምፁ ከአስፋልቱ ማዶ እስኪሰማ።

«ፈተናው እኮ ውስጥ ነበር» አልኩት።

አባባን ተከትዬ ለምን እንደመረቁ ጠየቅኳቸው።

«ታዲያ እንግዳ ይመርቁን ሲለኝ ልራገም ነው?»

ወረዳ ደጋግሜ ሄድኩ። የሚያዳምጠኝ አላጣሁም፤ መልሱ ግን ያው ነው፦ ነዋሪው ተወያይቶበታል። ሜዳው ታጠረ፣ ድንጋይም ተነጠፈበት።

የእትዬ ባለቤት ያረፉት ከዚያ በኋላ ነው። ድንኳኑ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በመንገዱ ዳር ቦይ ላይ፣ ግማሹ በባለሱቁ ደጅ ተተከለ። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ለቀስተኛው እግሩን ይሰበስባል። እትዬ ከተቀመጡበት የሚመጣው ሰው አይታያቸውም፤ ማን እንደመጣ እኔ እየተመላለስኩ እነግራቸው ነበር። አንዴ ስጠጋቸው እጄን ያዙኝ።

«ያን ቀን ብናገር ኖሮ ይቀር ነበር?»

ማስረዳት የምወድ ሰው፣ ይህን ማስረዳት አቃተኝ።

«አላውቅም እትዬ።»

አሁንም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ አልተጠራም፤ ቢጠራም ሜዳው አይመለስም። እናንተ ጋ ግን ገና ያልታጠረ ቦታ ይኖር ይሆናል። ስብሰባ ሲጠራ ቀድማችሁ ሽማግሌያችሁ ቤት ሂዱና ምርቃቱን ለመጨረሻ እንዲያቆዩት ለምኗቸው፤ ስብሰባውን የጠራውም ሰው ቀድሞ «ይመርቁን» እንዳይል ንገሩት። ይሠራል ብዬ አልምልላችሁም። ብቻ እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ ሞክሩት።