ሦስተኛው ስም

ቦንጋ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ነበርኩ። የጤና ሠልጣኞች የሚመዘገቡበትን ቅጽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ማንም ላይ አላሳብብም። አመልካቾች ስማቸውን እየቆራረጡ ሲጽፉ ስለሰለቸኝ አንድ ሬጀክስ አበጀሁ፤ የተጻፈው ነገር መልኩን መጠበቁን የሚፈትሽ አጭር የምልክቶች መስመር ማለት ነው። የራስ፣ የአባት፣ የአያት፤ ሦስት ስም ካልተሟላ አያሳልፍም። መስመሩን ራሱንም በፕሮግራም አስፈተሽኩት። ያልተዘጋ ቅንፍ የለም፣ የተሳሳተ ምልክት የለም፣ "ትክክል ነው" አለኝ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከደካ በጠዋቱ መኪና የመጣች ልጅ ቢሮዬ ገባች።

"ጋሼ፣ 'ስምዎ ትክክል አይደለም' ይለኛል ቅጹ።"

አየሁላት። የጻፈችው የራሷንና የእናቷን ስም ብቻ ነው።

"የአባትና የአያት ስምሽስ?"

"አባቴን አላውቀውም። ትምህርት ቤትም የተመዘገብኩት በእናቴ ስም ነው" አለችና ማስረጃዋን አሳየችኝ። እውነትም ሁለት ስም ነው።

ከመስመሩ ላይ አንዲት ምልክት ብነካ ሁለት ስምም ያልፍ ነበር። እኔ ግን የኮራሁበትን ሥራ ለአንድ ሰው ብዬ መነካካቱ ከበደኝ። ምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር።

"በይ ሦስተኛው ቦታ ላይ ደስ ያለሽን ስም ሙይበት" አልኳት።

"የእርስዎን ልጻፍ?" ብላ ሳቀች።

"ጻፊ" አልኩ፤ እኔም ሳቅሁ። ቅጹ ወዲያው አለፈ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አያቴ" ብላኝ ወጣች።

የመግቢያ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች። ሰነድ ሲጣራ ግን ስሟ ከማስረጃዋ ጋር አልገጠመም። የተሰረዙት ሰዎች ዝርዝር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አነበብኩት፦ የእሷ ስም፣ የእናቷ ስም፣ የእኔ ስም፤ ከጎኑ "ሐሰተኛ መረጃ"። አያት ሆኜ ያወረስኳት ይህንን ነው።

ሰነዱን ያጣራው ኮሚቴ ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ሰሙኝ፣ አዘኑም፤ ቦታዋ ግን ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። ቢሮዬ ተመልሼ መስመሩን አስተካከልኩ። አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እኔን ነው።

ከዚያ ደወልኩላት። የሆነውን ቀድማ ሰምታለች። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ሳሟሽ ቀደመችኝ።

"ጋሼ፣ ስምዎ በእኔ ምክንያት ግድግዳ ላይ ወጣ አሉኝ" አለች። "ይቅር ይበሉኝ።"