የጀፎረው ምትክ

ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ባዶ መሬትንና ጀፎረን ግን ለይቼ አውቃለሁ። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ወደ ቡታጅራ የሚወጣውን መንገድ ሊቀይስ የመጣው ሹም ይህን አያውቅም ነበር። በመንደራችን መሃል የተዘረጋውን ሰፊ ሣር አየና፣ ማንም ያላረሰው ባዶ ነው ብሎ ችካሉን ተከለ። ሠርግ የምንጨፍርበት፣ ለቅሶ የምንቀመጥበት፣ ሽማግሌ የሚዳኝበት፣ አጥሩን ወደ ሣሩ የገፋ ሰው የሚወገዝበት ጀፎረ ለእሱ የሰነፎች ሣር ነበር።

ከጀፎረው ዳር የባላባቱ ባሕር ዛፍ አለ። መስመሩ እዚያ ሲደርስ እንደ ጨዋ ሙሽራ አንገቱን ሰብሮ ዞረለት።

አቤት ስንል ሹሙ ምትክ ሰጠን፤ ከወንዙ ማዶ፣ የተወሰደውን ያህል፣ በወረቀት ላይ ጋት ሳይጎድል። ሊያሳየንም ወሰደን። ረግረግ ነው። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። ሁለት ሰዎች ጎትተው ሲያወጡት አንዱ ጫማው እዚያው ቀረ። እሱ ግን በአንድ እግሩ ቆሞ በበጋ እንደሚደርቅ ያስረዳን ጀመር።

«እንግዲያው መጀመሪያ የእርስዎን ለቅሶ እዚያ እንቀመጥና እንየው» አልኩት።

ሴት በሸንጎ አትናገርም ያሉኝ ነበሩ። ወንዶቹ ዝም ስላሉ ነው የተናገርኩት።

መንገዱ አልቀረም፤ ጀፎረው በግማሽ ጠበበ። ለሽማግሌዎቹ አንድ ነገር አቀረብኩ፦ መንገዱ የበላውን ያህል፣ በግራም በቀኝም ያለን ሁሉ አጥራችንን ወደ ኋላ እንሳብ፤ ደሃና ባላባት ሳይባል፣ እኩል። እነሱ ሲመካከሩ እኔ የራሴን አጥር ነቀልኩ። ለመብል የደረሱ ሰባት እንሰቶቼ አብረው ሄዱ። ባሌ አንድ ሳምንት ሲያጉረመርም ከረመ። ጎረቤቶቼ ግን አንድ በአንድ ተከተሉኝ። የባላባቱ አጥር ብቻ፣ ሰው እንደሚገፋ ክርን፣ ወጥቶ ቀረ። ለእኛ መጨፈሪያ ብሎ ባሕር ዛፉን እንደማይቆርጥ ላከብን።

በዚያው ክረምት እናቱ ሞቱ። ለቀስተኛው ከየአገሩ መጣ፤ ወጥቶ የቀረውን አጥር አየና ወደ እሱ ደጅ አላለፈም። ከእኔ ደጅ ፊት፣ በሰፋው ሣር ላይ ተቀመጠ። ለባላባቱ እናት በእኔ ደጅ ተለቀሰላቸው፤ ልጃቸው ከአጥሩ ኋላ ለብቻው ቆሞ አየ።

በሦስተኛው ቀን ከባላባቱ ባሕር ዛፍ በኩል የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን። የመጨረሻው ዛፍ እስኪወድቅ ጠበቅሁና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ደጁ ሄድኩ። አሮጊቷ ምን አጠፉ፤ አለቀስኩላቸው። እሱን ግን አላጽናናሁትም።