ደስ ማለት ነውር የመሰለኝ ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ በሞተበት ዓመት ክረምት፣ ደስ መሰኘት ነውር ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ግን እናቴ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ከሥሩ ተቆርጣ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ እያየሁ በምን አንጀቴ ልሳቅ? ከግቢው ልጆች ጋር ገመድ ስዘል ሳቄ ድንገት ካመለጠኝ አፌን በእጄ እይዝና፣ ሰምታኝ እንደሆነ ብዬ ወደ ቤታችን በር ዞር እል ነበር።

ያኔ ለአዳማ አዲሶች ነበርን። አባቴ መተሐራ ሸንኮራ እርሻ ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ የገደለው ወባ ነው። ቤቱ የሥራው ቤት ስለነበር እሱ ሲሞት ለቀን ወጣንና፣ እናቴ ከድሮ ጀምሮ የምታውቃቸው እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት አዳማ ካለው ግቢያቸው አንዲት ክፍል አከራዩን። የኪራዩንና የቀለቡን ነገር የሚችለው የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ታደሰ ነበር። አጎቴ ከደብረ ብርሃን ለቀብር መጥቶ ሊመለስ ሲል ለእናቴ የነገራትን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ።

«ክረምቱ ይለፍና ልጅቷን እወስዳታለሁ» አላት። «አንቺ እንኳን እሷን ራስሽንም መያዝ አቅቶሻል።»

እናቴ እሺም እንቢም አላለችም። ያም እንደ እሺ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲያ ክረምቱ እንዳያልፍ የምለምን ልጅ ሆንኩ። ሌላው ሰው ጭቃው በዛ፣ ጎርፉ አጥር ጣለ፣ ልብስ አልደርቅ አለ እያለ መስከረምን ሲናፍቅ፣ እኔ ዝናቡ ባቆመ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር።

ደገኞች የአዳማን ክረምት ሲንቁት እሰማለሁ። ብርድ የሌለው ምን ክረምት ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ቀን ቀን እንዲያውም ይሞቃል፤ ግን ወደ ማታ ሰማዩ ይጠቁርና አቧራው መጀመሪያ ይነሳል፣ ዝናቡ ይከተላል፣ ከተራራው የወረደው ጎርፍ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል፣ ወዲያውም መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ የግቢያችን ልጆች ከየቤታቸው እየሮጡ የሚሄዱት በረንዳው ጥግ ወዳለችው ወደ ጋሽ ለሜሳ ክፍል ነበር።

ጋሽ ለሜሳ ወንጂ ሸንኮራ የሚጭን ትራክተር ሲነዱ አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ረጅምና ነጭናጫ ሰው ነበሩ። አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር ተቀይጦ ይወጣል። በረንዳው ላይ የከሰል ማንደጃ አውጥተው የበቆሎ እሸት እየጠበሱ፣ ኩራዟን ንፋስ እንዳያጠፋባቸው በእግራቸው ከልለው ይቀመጣሉ። ሌላው ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የመሠረት» ይላሉ። የእሳቸው መክፈቻ ግን ሌላ ነበር። «ኢጆሌ፣ ክፈሉ» ይሉናል። ልጆች፣ ክፈሉ ማለታቸው ነው።

ክፍያው ገንዘብ አልነበረም። በዚያ ቀን በዓይናችን ያየነውን ወይም በጆሯችን የሰማነውን፣ ደስ ያሰኘንን አንድ ትንሽ ነገር መናገር ነበር፤ ያልከፈለ ተረት አይሰማም። ትልቅ ደስታ አይቀበሉም። የእትዬ አስካለ ልጅ ቢኒያም ቡድኔ አሸነፈ ብሎ ሲመጣ «ግቡን አንተ ነህ ያገባኸው? ትንሽ አምጣ» ብለው መለሱት። እህቱ ደግሞ አክስታችን ቴሌቪዥን ልትገዛልን ነው ስትል «ያልመጣ ደስታ አልቀበልም፣ ሲመጣ ንገሪኝ» አሏት። ልጆቹም እየተነጫነጩ አእምሯቸውን ይፈትሹና አንድ ነገር ያገኛሉ፤ አህያ ጎርፍ አልሻገርም ብላ ባለቤቷ ጃንጥላ ይዞላት ቆመ፣ ዶሮዋ ጫጩቶቿን አቅፋ አንዱ በጅራቷ በኩል ብቅ አለ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር።

እኔ ዳር ላይ ቆሜ እሰማለሁ እንጂ አልቀርብም ነበር። አንድ ማታ ግን ጋሽ ለሜሳ አዩኝና «አንቺስ፣ ኢንተላ?» አሉኝ። ኢንተላ ልጅት ማለት ነው። አንገቴን ደፋሁ። እትዬ አስካለ ከበራቸው ሆነው «ተዋት ጋሽ ለሜሳ፣ ልጅቷ ሐዘን ላይ ናት» አሏቸው።

ሽማግሌው በቆሎውን ገለበጡና ያለ ምንም ቁጣ፣ የምር ማወቅ እንደፈለገ ሰው፣ «ሐዘን ላይ ያለ ሰው አፍንጫ የለውም? ይሄ በቆሎ አይሸተውም?» አሉ።

እኔ እንደሆነ በቆሎው ከሸተተኝ ቆይቷል። ከበራችን ጀምሮ ሸቶኛል፣ ምራቄን ስውጥ ነው የመጣሁት። ግን ያ ሽታ ደስታ ይባላል ብዬ አስቤው አላውቅም፤ እንዲያውም ደስታ የሚባለው ነገር አባቴ ከሥራ ሲመለስ የነበረው፣ ከእሱም ጋር የተቀበረው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ «የበቆሎው ሽታ» አልኳቸው። «ይሄ ይቆጠራል» አሉና አንዱን ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ፤ እጄን እያቃጠለኝ ተቀመጥኩ።

የዚያን ማታ የተረቱት እንዲህ ነበር። አንድ ያረጀ ጅብ እግሩ ደከመውና ከአዳሚ ቱሉ ወደ ባቱ በጋሪ ለመሄድ አሰበ፤ ባቱ ስደርስ ፈረሱን እበላዋለሁ፣ እስከዚያ ግን ይሸከመኝ አለ። ጋቢ ተከናንቦ መንገድ ዳር ቆመ። ባለጋሪው ዓይኑ ደካማ፣ ጆሮውም የማይሰማ ስለነበር ሽማግሌ መስሎት ጫነው። ፈረሱ ግን ሽታውን አወቀውና ነፍሴ አውጪኝ ብሎ መሮጥ ጀመረ። በሮጠ ቁጥር ጋሪው ይዘላል፣ ጋሪው በዘለለ ቁጥር ጅቡ ይንገጫገጫል፣ ጅቡ በተንገጫገጨ ቁጥር ያጉረመርማል፣ ፈረሱም ያንን እየሰማ ይብስበታል። ከጅቡ እየሸሸ ጅቡን ይዞት ይሮጣል። በመጨረሻ ጅቡ ሆዱ ተገለባብጦበት፣ ጋቢው ወልቆ፣ «ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!» እያለ ይጮህ ጀመር፤ ደንቆሮው ባለጋሪ ግን መች ሊሰማ። ዘሎ ወረደና ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ አስታወከ።

እዚህ ላይ ልጆቹ ሁሉ ከሳቃቸው ብዛት ተንፈራፈሩ፤ እኔም አፌን ሳልይዝ ሳቅሁ።

ወደ ቤት የሮጥኩት በጭቃው መሃል ነው። እናቴ ጨለማ ውስጥ እንደተኛች ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ የጅቡን ተረት ከላይ እስከ ታች አወራኋት፤ ወራጅ አለ የሚለውንም በጅብ ድምፅ ጮህኩት። ከጨረስኩ በኋላ ነው የት እንዳለሁ ትዝ ያለኝ። ደንግጬ አፌን በእጄ ያዝኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሰማ ነበር።

እናቴ ከጨለማው ውስጥ «ፈረሱስ? ጅቡ ከወረደ በኋላ ቆመ?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ ጋሽ ለሜሳ እሱን አልነገሩንም።»

«ነገ ጠይቂልኝ» አለች።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ነገ የሚለውን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በማግስቱ ማታ የበረንዳው ሰው ገና ሳይሰበሰብ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ለሜሳ ጠያቂዋ እኔ እንዳልሆንኩ ገብቷቸው እንደሆነ እንጃ፣ ወደ ቤታችን በር አየት አደረጉና «ጅቡ ከወረደ በኋላም ጥቂት ሮጧል። መውረዱን ማን ነግሮት? ከዚያ መንገድ ዳር ሳር አየ» አሉኝ። ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት፤ «እ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሆነ። ቀን ለበረንዳው የምከፍለውን እፈልጋለሁ፣ ማታ ተረቱን ለእናቴ ይዤላት እገባለሁ። መፈለግ ከጀመርኩ በኋላ ግን የክረምቱ ጉድ ማለቂያ አልነበረውም። ዝናብ ድንገት ሲመጣ የግቢው ሴቶች ሁሉ ወጥተው የማንም ይሁን የማን ሳይሉ ልብሱን ከገመድ ላይ ሰብስበው ይሮጡና፣ በኋላ በረንዳው ላይ ቆመው «ይሄ የማን ሱሪ ነው?» ሲባባሉ። ዝናቡን ለማሸነፍ ሬዲዮውን ያስጮኸው ጎረቤት፣ ዝናቡ ቀጥ ሲልበት ድምፁ ሰፈሩን ሁሉ ሲሞላውና ደንግጦ ሲቀንሰው። ማንደጃ አጠገብ የደረቀ ካልሲ ገና ትኩስ እንዳለ ሲለብሱት። የቆመ ባጃጅ ውስጥ ዝናቡን የተጠለለች ድመት ሹፌሩን ተሳፋሪ መስላ ስትጠብቀው። እነዚህን ሁሉ ከፍያለሁ፣ ሁሉም ተቆጥረውልኛል። ድመቷን ጋሽ ለሜሳ እንዲያውም ደግሜ እንድነግራቸው ጠይቀውኛል።

እናቴ ግን አልተነሳችም። ትሰማኛለች፣ አንዳንዴ አንድ ነገር ትጠይቃለች፣ ከዚያ መልሳ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ክረምቱም እንደ ፈራሁት እያለቀ ነበር።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አጎቴ ታደሰ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን መናገር አለብኝ፤ ወንድሙ የሞተበት፣ የወንድሙን ልጅ ሜዳ ላይ አልጥልም ያለ ሰው ነው። ልብሴን እሱ ራሱ አጣጥፎ ፌስታል ውስጥ ከተተልኝ፣ ነገ ማለዳ እንነሳለን አለኝ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ሲያጣጥፍ አየችው። ያን ማታም መብራት ጠፋ። አጎቴ እጄን ይዞ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ተረቱን ስሚ ብሎ፣ ወደ በረንዳው አብሮኝ ወጣ።

ጋሽ ለሜሳ ቀና ብለው አዩትና «አካም ጅርታ፣ እንኳን ደህና መጡ። እንግዳም ይከፍላል» አሉት። ልጆቹ ምን እንደሚከፈል አስረዱት። አጎቴ ግራ ገብቶት ጋቢውን ሰበሰበና «አባቴ፣ እኔ ወንድሜን ቀብሬያለሁ። ከየት አባቴ አምጥቼ ልክፈል?» አላቸው። ሽማግሌው ፍሙን መቆስቆስ ያዙ።

«እኔ እከፍልለታለሁ» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ።

እናቴ በራችን ላይ ቆማ ነበር። ግድ ካልሆነባት በቀር ደጅ ወጥታ የማታውቀው ሴት፣ ግድግዳውን በእጇ እየተደገፈች መጥታ ከእትዬ አስካለ አጠገብ ተቀመጠች። የኩራዟ ብርሃን ፊቷ ላይ ሲያርፍ ምን ያህል እንደከሳች ያኔ አየሁ። ለጋሽ ለሜሳ ነው የነገረቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ።

«ዛሬ ጠዋት ልጄ በእንቅልፏ ወራጅ አለ ብላ ጮኸች። ሳቅሁ። እንዳልቀሰቅሳት ጋቢ ነክሼ ሳቅሁ።»

ነጭናጫው ሽማግሌ የማንንም ክፍያ ሳይመረምሩ አይቀበሉም ነበር። የእሷን ግን አልመረመሩም። የበቆሎ እሸት አንስተው፣ አመዱን በመዳፋቸው ጠርገው፣ ሰጧት። እሷም ተቀብላ ወደ አጎቴ ዞረችና «ጋሼ ታደሰ፣ ልጄን አልሰጥም። አቅቶኝ ነበር፣ አሁን ግን እችላለሁ» አለችው።

አጎቴ አቀርቅሮ «እኔስ ብሆን ልጅ ልነጥቅሽ መጣሁ እንዴ» አለ። በማግስቱ ማለዳ እናቴና እኔ መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው። ጠቅልሎ የያዘልኝን ፌስታል አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አቀበለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። እናቴ ከባቱ በሳጥን ተጭኖ የሚመጣ ቲማቲም እየለየች አሳደገችኝ፤ ከሏን ያወለቀችውም ከሙት ዓመቱ በኋላ ነው። ጋሽ ለሜሳን ልጃቸው ወስዳቸው እሷ ዘንድ አረፉ። የነገሩን ተረት አብዛኛው ከአእምሮዬ ጠፍቷል፣ የቀረልኝ ዓይኔ ነው። ዛሬም ጎርፍ አቋርጬ ከሥራ ስመለስ፣ ጫማዬ ውኃ ሞልቶ፣ የባጃጁ ሹፌር ላስቲኩን እያወረደልኝ «ግቢ እህቴ፣ ቤትሽ ነው» ሲለኝ፣ ልቤ ሞቅ ይላል፤ በውስጤም ሽማግሌውን አመሰግናለሁ።

ባለፈው ክረምት፣ መብራት ጠፍቶ ከእናቴ ጋር በስልኬ ብርሃን ተቀምጠን፣ ዕድሜ ልኬን የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅኋት። ከዚያ አልጋ ያስነሳሽ ምንድን ነው፣ የጋሽ ለሜሳ ተረት ነው ወይ አልኳት።

«ተረቱማ ጥሩ ነበር» አለችኝ። «ግን እሱ አይደለም። አንድ ማታ ጭቃ በጭቃ ሆነሽ ገባሽና፣ ሐዘን ላይ መሆናችንን ጨርሶ ረስተሽው፣ እየሳቅሽ ስለ ጅብ ታወሪኝ ጀመር። ሳይሽ ጊዜ፣ ለካ ይረሳል፣ ለካ ሰው ሲስቅ ሟች አይቀየምም አልኩ።»

እኔ ደግሞ ያን ክረምት ከእሷ ለመደበቅ የደከምኩት ይህንኑ ሳቅ ነበር።